በሚኒሞ የሚጠፋ መኪና፦ ከብት ከመጫኑ በፊት ምን ይታያል?

ኬላ ላይ ወረፋ የያዘ አይሱዙ ነዳጅ ሲሰጡት በደንብ ይሠራል፤ እግር ከነዳጁ ሲነሳ ግን ይንቀጠቀጥና ይጠፋል። ከብት የጫነ መኪና ቆሞ ሲቀር በከብቱ መሐል የሚያልፈው ነፋስ ይቋረጣል፣ ሙቀቱ ይጨምራል፤ ከብቱ ክብደት ይቀንሳል፣ ሊሞትም ይችላል። ቁልቁለት ላይ ከጠፋ ደግሞ መሪው ይከብዳል፣ ፍሬኑም ይደክማል። ስለዚህ ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ከሾፌሩ ጋር ይህን ይመልከቱ።

በናፍጣ ሞተር ላይ የችግሩ መነሻ ብዙ ጊዜ የነዳጅ መስመሩ ነው። በሚኒሞ ጊዜ ሞተሩ የሚቀበለው ናፍጣ ጥቂት ስለሆነ ትንሽ አየር ወይም ውኃ ያጠፋዋል።

1. ውኃ። ከበርሜልና ከጀሪካን የሚቀዳ ናፍጣ ውኃ ሊኖረው ይችላል። ሞተሩን አጥፍተው ከውኃ መለያው ሥር ያለውን ማፍሰሻ ይፍቱና በብርሃን አሳላፊ ጠርሙስ ይቀበሉ። ውኃው ከታች ይዘቅጣል። ንጹሕ ናፍጣ እስኪመጣ ያፍስሱ።

2. ፊልትሮ። ዳገት ላይም ጉልበት ካነሰው ፊልትሮው መደፈኑን ይጠርጥሩ። በአዲስ ይቀየር።

3. አየር። ካደረ በኋላ ለመነሳት የሚያስቸግር፣ አየር ሲወጣለትም ለጥቂት ጊዜ ብቻ የሚሻለው ከሆነ ከታንኩ እስከ ፖምፓው ባለው መስመር አየር እየገባ ሊሆን ይችላል። መስመሩ ስለሚስብ ናፍጣ ሳያንጠባጥብም አየር ያስገባል። የተሰነጠቀ ቱቦና የላላ ፋሼታ ይፈልጉ፤ ካስተካከሉ በኋላ በእጅ ፖምፓው አየሩን ያስወጡ።

4. የታንክ ክዳን። ጥቂት ከሄደ በኋላ የሚጠፋ ከሆነ ክዳኑን ይክፈቱ። አየር ሲስብ ከተሰማና ሞተሩ ከተሻለው የክዳኑ መተንፈሻ ተደፍኗል፤ ይጸዳ።

5. ሚኒሞ። ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ ነዳጅ ትንሽ ሲጨመርለት ብቻ የሚረጋ ከሆነ ሚኒሞው ዝቅ ብሎ ይሆናል፤ መካኒክ ያስተካክለው። ሌላውን ሳያዩ ሚኒሞ ከፍ ማድረግ ግን በሽታውን መሸፈን ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ሞተሩ እየሠራ ወደ ኖዝል የሚሄዱትን ቱቦዎች አይፍቱ። በግፊት የሚወጣው ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል።

ጥገናው ሲያልቅ መኪናውን ትንሽ ነድተው ለ20 ደቂቃ ያህል በሚኒሞ ያቁሙት። ካልጠፋ ይጫኑ። ከጠፋ ሌላ መኪና ይፈልጉ፤ የአንድ ቀን መዘግየት ከሞተ ከብት ይረክሳል።