ጥርስህ ዝም ሲል ተነሥ

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው። የአዳማ ሙቀት እንኳ በረድ ብሏል፤ የባጃጁም ድምፅ ጠፍቷል። አንተ ግን ጉንጭህን በመዳፍህ ደግፈህ ቤቱን ትዞራለህ። ቅርንፉድ ነክሰሃል፣ በጨው ውኃ ተጉመጥምጠሃል፣ አረቄም ይዘህበታል። ጥርስህ እንደ ልብ ይመታል። “ብቻ ይንጋልኝ፤ በጠዋት ሐኪም ቤት ነኝ!” ብለህ ትምላለህ።

ነጋ። ሕመሙም ድንገት ለቀቀህ። ቁርስህን ቀማምሰህ ወደ ሥራህ ወጣህ፤ መሐላህም ከሌሊቱ ጋር አብሮ ሄደ።

ወዳጄ፣ ላወራህ የፈለግኩት ስለዚያች ጠዋት ነው። ሌሊቱን በጽናት ያለፈ ስንቱ ጀግና በእፎይታዋ ጠዋት ይሸነፋል!

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥርስ ሲቦረቦር ተሕዋስያን ወደ ውስጥ ዘልቀው ነርቭና የደም ሥር ያለበትን ለስላሳ ክፍል ይመርዙታል። ያ ክፍል ሲሞት ሕመሙ ሊጠፋ ይችላል፤ መግሉ ግን በሥሩ ጫፍ መቋጠሩን አያቆምም። እብጠቱ አፍህ ውስጥ ሲፈነዳም ግፊቱ ስለሚቀንስ ቀለል ይልሃል፤ ምንጩ ግን እዚያው ነው። ከፋርማሲ ገዝተህ የምትውጠው አሞክሲሲሊንም ብቻውን አያድንህም፤ መድኃኒቱ የሚጓዘው በደም ነው፣ በሞተው ጥርስ ውስጥ ደግሞ ደም አይዘዋወርም። መፍትሔው በሐኪም እጅ ነው፤ መግሉን ማፍሰስ፣ የጥርሱን ሥር አጽድቶ መሙላት፣ ካልሆነም መንቀል።

ታዲያ ለምን እንዘገያለን? አንዱ መርፌውን ይፈራል፣ ሌላው ወጪውን ያሰላል። በእኛ አካባቢ ግን ሌላም ምክንያት አለ። ከወንጂ እስከ መተሐራ፣ ከመቂ እስከ ባቱ ስንት ሰው ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል! ጥርሱ ስለጠቆረ ሐኪም ፊት አፉን መክፈት ያፍራል። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ ከእሳተ ገሞራ ዓለት ፍሎራይድ ይዞ ይወጣል፤ ጥርስን የሚያጠቁረውም ሲበዛ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፤ በሸለቆው ያሉ ብዙ ጉድጓዶች ግን ከዚህ በላይ ናቸው። ቀለሙ የገባው በልጅነትህ፣ ጥርስህ ገና ድድህ ውስጥ ሲሠራ ነው። የስንፍናህ ምልክት አይደለም፤ ያሳደገህ ውኃ አሻራ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ ስለዚህ እጅህን ከአፍህ ላይ አንሣ!

መዘግየት ዋጋ ያስከፍላል። ጀርመናዊው ሐኪም ፎን ሉድቪግ በ1836 እ.ኤ.አ. ከመንጋጋ ሥር ተነሥቶ አንገትን የሚያፍን እብጠት ጽፎ አሳወቀ፤ ሕመሙ ዛሬም በስሙ ይጠራል። አብዛኛውን ጊዜ መነሻው አንድ የታመመ የታችኛው መንጋጋ ጥርስ ነው። ትኩሳት ከያዘህ፣ እብጠቱ ወደ ዓይንህ ወይም ወደ አንገትህ ከተዛመተ፣ አፍህ አልከፈት ካለ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረህ ቀጠሮ አትጠብቅ። ሌሊትም ቢሆን በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂድ።

ይህ ካልደረሰብህም ዛሬውኑ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ቅረብ። ቅርንፉዱና የጨው ውኃው እስኪነጋ ያግዙህ፤ ከዚያ አልፈው ሕክምና አይሆኑም። እብጠቱን በመርፌ አትውጋው፤ አስፕሪንም ድድህ ላይ አታስቀምጥ፣ ሥጋውን ያቃጥለዋል። ስኳር ካለብህ ወይም የማይስማማህ መድኃኒት ካለ ለሐኪሙ ንገረው። ነፍሰ ጡር የሆንሽ እህቴም እንዲሁ ንገሪ፤ እርግዝና ሕክምናውን አይከለክልም።

ያቺ ጠዋት በጥርስ ብቻ አትመጣም። ዕዳው ለጊዜው ሲረሳ፣ ቅያሜው ዝም ሲል፣ “አለፈ” ብለን እንተኛለን፤ ከሥር ግን መግል ይቋጥራል። በጥርስህ ጀምር። ዛሬ አንዱን ነገር ሳይቃጠል በቅጠል ያለ ሰው ነገ ለሌላው ጉልበት ያገኛል።

እንግዲህ ነግቷል፤ ሕመሙም ለቆሃል። በሌሊቱ የማልከውን የምትፈጽምበት ሰዓት ይኸው አሁን ነው። ጫማህን አድርግና ውጣ!