ሁለት ዓመቱ ሳያልፍ

መንዝ ያደገ ሰው «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» ሲባል እየሰማ ነው ያደገው። በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ የርስት ሙግት ከአባት ወደ ልጅ ይወርድ ነበር፤ የዘገየ ከሳሽ መብቱ ይሞትብኛል ብሎ አይሰጋም። የዛሬው ትምህርት ግን ያ ትዕግሥት ስለሚጎዳው ሰው ነው።

ከመሐል ሜዳ ደብረ ብርሃን ሕዝብ የሚያመላልስ ሾፌር እናስብ። መንጃ ፈቃዱን ሊያሳድስ ሲሄድ «ተሰርዟል» ይሉታል። ያጠፋው ጥፋት የለም። የእሱ፣ የአባቱና የአያቱ ስም ከሌላ ሰው ጋር ገጥሞ የሌላው ጥፋት በእሱ ፋይል ተመዝግቧል።

መጀመሪያ የሚጠየቀው «ማን ሰረዘው?» ነው። ፍርድ ቤት በቅጣት ከሰረዘው መንገዱ ይግባኝ ነው፤ ቅሬታ ሰሚ ፍርድ አይሽርም። ጽሕፈት ቤት ከሰረዘው ግን አቤቱታው ለዚያው ጽሕፈት ቤት ይቀርባል፤ እንቢ ካለም ከበላዩ ወዳለው ይኬዳል። በአፍ ሳይሆን በጽሑፍ። «ነገ ና» ማስረጃ አይሆንም። ማመልከቻው በሁለት ቅጂ ይዘጋጅ፤ አንዱ መዝገብ ቤት ይቅር፤ በእጃችሁ በሚቀረው ላይ ገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አስመቱ። ደግሜ እላለሁ፦ ያለዚያ ማኅተም የተመላለሳችሁበት ወራት ሁሉ እንዳልነበረ ይቆጠራል።

ምክንያቱም በጽሑፍ ይጠየቅ። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ውሳኔ ከነምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጥ ያዛል። አዋጁ የፌዴራል ተቋማትን እንጂ የወረዳ ጽሕፈት ቤትን በቀጥታ አይገዛም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 37 ግን ለሁሉም ነው፤ በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት ወይም የዳኝነት ሥልጣን ላለው አካል የማቅረብ መብት ለማንም ሰው ሰጥቷል።

በ1992 በአዋጅ ቁጥር 211 የተቋቋመው የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋምም አለ። አቤቱታን በቃልም በጽሑፍም ይቀበላል፤ ገንዘብ አያስከፍልም። ፍርድ ቤት የያዘውን ጉዳይ ግን አይመረምርም፤ ወደ እሱ የሚሄድ ሰው ክስ ከመመሥረቱ በፊት ይሂድ።

እስከዚያው ግን መሪ አትጨብጡ። እውነት በእጃችሁ ቢሆንም ያለ ፈቃድ ስትነዱ ብትያዙ፣ ያልነበረውን ጥፋት እናንተው ፈጠራችሁት ማለት ነው። ቤተሰቡን በመሪ ለሚያኖር ሰው ይህ ምን ያህል መራራ እንደሆነ አውቃለሁ።

ፈቃዱ ተመለሰ እንበል። ብዙዎቻችን አመስግነን ወደ ቤታችን እንገባለን። ያ አምስትና ስድስት ወር የታጣ ገቢስ? «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው ፍርሃት ዛሬም አለቀቀንም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ንጉሠ ነገሥቱ በጥፋት እንዳይከሰሱ ጠብቋል፤ መንግሥት እንዲከሰስ ግን በዚያው ሕግ በር ከፍቷል። በአንቀጽ 2126 የመንግሥት ሠራተኛ በጥፋቱ ለደረሰ ጉዳት ኃላፊ ነው። በአንቀጽ 2127 መሠረት በሥልጣኑ ክልል እንደሠራና ለመንግሥት ጥቅም እንደሆነ በቅን ልቦና አምኖ ያጠፋው ጥፋት የሥራ ጥፋት ይባላል፤ ተጎጂውም ካሣውን ከመንግሥት መጠየቅ ይችላል። በቂም ወይም በጉቦ የተሠራ ከሆነ ግን ጥፋቱ የግል ነው፤ ዕዳውም የሠራተኛው ነው። ስለዚህ «ልጁ ተሳስቶ ነው፣ ክፋት የለውም» የሚለው ማስተባበያ መንግሥትን ነጻ አያወጣም፤ ይልቁንም ኃላፊነቱን ወደ መንግሥት ያዞረዋል። ፈቃዱ መመለሱም ካሣውን አያስቀርም።

በአንቀጽ 2091 ካሣው ከጉዳቱ ጋር እኩል መሆን አለበት። ጉዳቱን የማስረዳት ሸክም ግን በከሳሹ ላይ ነው። ከባለመኪናው ጋር የተደረገ ውል፣ የስምሪት ወረቀት፣ የባንክ ደብተር፣ ምስክር፣ ሁሉም ይያዝ። ክሱ እንደ ገንዘቡ መጠን በወረዳው ወይም በዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይታያል።

ርስት ሺህ ዓመት ይጠብቃል፤ ይህ ካሣ ግን አይጠብቅም። አንቀጽ 2143 ለተጎጂው የሰጠው ጊዜ ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ ሁለት ዓመት ነው። በየቢሮው ደጃፍ የምትቆሙበትን ቀን እዚያው ውስጥ ቁጠሩት። በመስከረም 2018 ከመሪው የወረደ ሾፌር፣ ቢሮው እየመረመርን ነው ቢለውም ባይለውም፣ ከመስከረም 2020 በፊት ክሱን መዝገብ ቤት ያስገባ።