እርዳታ መጠየቅም ይለመዳል

አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ ምን ያደርጋል? ሁለተኛ በሬ እስኪገዛ ድረስ እርሻውን አያቆምም። እንደ እሱ አንድ በሬ ወዳለው ጎረቤቱ ሄዶ «እንቀናጅ» ይለዋል። ይህን መቀናጆ እንለዋለን፤ በትግርኛ ልፍንቲ ይባላል። አዝመራው ሲደርስም ጠላ ጠምቆ ደቦ ይጠራል። ይህን በመጠየቁ ያፈረ ገበሬ አይተን አናውቅም።

ታዲያ ሰው ሸማኔ ሲሆን፣ ቆዳ ሲሰፋ፣ ሸክላ ሲሠራ «እርዱኝ» ማለት ለምን ሞት ይሆንበታል?

ነገሩን በመቀሌ ከተማ በሚኖሩ አንዲት ባለስፌት እንመልከተው። ስማቸውን አልጽፍም። ሰፈሩ ሁሉ «አደይ» ይላቸዋል፤ በትግርኛ እናቴ ማለት ነው። እኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፤ ቤታችንና ቤታቸው አጥር ይጋራል።

አደይ መሶብ ይሰፋሉ። ሣሩን ከሰኞ ገበያ ይገዛሉ። አለላውን ራሳቸው ይነክራሉ። ከዚያ ወስፌያቸውን ይዘው መቀመጥ ነው። አንድ ትልቅ መሶብ 20 ቀን ይፈጅባቸዋል።

በ2016 ዓ.ም. ኅዳር ሲገባ አንድ ባለሆቴል መጣና ለጥር ሠርግ 12 መሶብ አዘዘ። አደይ «እሺ» አሉ። እስከ ጥር የቀረው 60 ቀን ነበር። 12 መሶብ ለአንድ ሰው የስንት ቀን ሥራ ነው? 12 ጊዜ 20፣ 240 ቀን። ይህም ስምንት ወር ነው! ይህን ሒሳብ የሠራላቸው ሰው አልነበረም፤ እሳቸውም አልጠየቁም። ሌሊት ሌሊት ሲሰፉ ዓይናቸው ቀላ። እናቴ «ምነው ከሱ?» ስትላቸው «ምንም፣ ደኅና ነኝ» አሉ። ጥር ሲብት የደረሰው 3 መሶብ ብቻ ሆነ። ባለሆቴሉ ከሌላ ቦታ ገዛ። ለ12ቱም የሚሆን ሣር በዱቤ ወስደው ስለነበር ዕዳው እሳቸው ላይ ቀረ።

ዝም ያሰኛቸው ይሉኝታ ነው። «አቃታት ይሉኛል» ብለው ፈሩ። በአገራችን ደግሞ ባለእጅ ሲናቅ ኖሯል። ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪዋን «ቡዳ» እያለ ሲሰድብ የኖረ ሰው ብዙ ነው። የተናቀ ሰው ድካሙን ለሰው ማሳየት አይወድም። ግን ንጉሥም ባለሙያ ይጠይቃል እኮ! አፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1870ዎቹ መቀሌ ላይ ቤተ መንግሥታቸውን ሲያሠሩ ጃኮሞ ናሬቲ የተባለ ኢጣሊያዊ አናጢ አሠርተዋል። «ንጉሡ አቃታቸው» ያለ የለም።

እኔን የሚገርመኝ ሌላም ነገር አለ። ከሰኔ 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በትግራይ ባንኮች ተዘግተው ከአንድ ዓመት በላይ ቆዩ። ባንክ ገንዘብ ያለውም የሌለውም እኩል ሆነ። ያን ጊዜ በእኛ ሰፈር ከጎረቤት ያልተበደረ ቤት የለም። አደይም ዱቄት ተበድረዋል፤ ሲኖራቸውም አበድረዋል። ለሆድ ሲሆን የጠየቁ ሰው ለሥራ ሲሆን አፈሩ።

ዕዳው ሲያስጨንቃቸው አንድ ማታ ቤታችን መጡ። «ልጄ፣ አንተ ቁጥር ትችላለህ። እኔ መሶብ የምሸጠው አትርፌ ነው ወይስ ከስሬ? እስቲ ንገረኝ» አሉኝ። ቁጭ ብለን ጻፍን። አንዱን መሶብ በ2,400 ብር ይሸጣሉ። ሣርና ቀለም 900 ብር ይፈጃል። የሚቀረው 1,500 ብር ነው። ይህ ለ20 ቀን ሲካፈል በቀን 75 ብር ይሆናል። አደይ ደነገጡ። «ድንጋይ የሚሸከም የቀን ሠራተኛ እንኳ ከዚህ በላይ ያገኛል!» አሉ።

በ2017 ዓ.ም. ኅዳር ሌላ ደንበኛ እንደገና 12 መሶብ አዘዘ። አሁን አደይ ወዲያው «እሺ» አላሉም። መጀመሪያ የሙያ ጓደኞቻቸውን ዞረው አነጋገሩ። አንዷ «አልችልም» አሉ። አደይ አልተቀየሙም፤ ወደ ሌላዋ ሄዱ። ከእሳቸው ጋር አራት ሆኑና ለእያንዳንዳቸው 3 መሶብ ደረሳቸው። 3 ጊዜ 20፣ 60 ቀን። ልክ ለጥር!

የሣርና የቀለም ገንዘብ ግን ጎደለ። ለ12 መሶብ 10,800 ብር ያስፈልጋል። አደይ እቁብ አላቸው፤ 20 ሰው በየሳምንቱ 300 ብር ይጥላል፤ ዕጣ የወጣለት 6,000 ብር ይወስዳል። የእሳቸው ዕጣ ገና አልወጣም። ወደ እቁቡ ዳኛ ሄደው እንዲህ አሉ፦ «6,000 ብር ለሣር መግዣ እፈልጋለሁ። የዚህ ሳምንት ባለዕጣ ቢቀይረኝ የእኔ ሲወጣ እሱ ይውሰድ። ዋሴም ይኸው»። ባለዕጣው ፈቀደ። የቀረውን 4,800 ብር ደንበኛውን ቀብድ ጠየቁት፤ ሰጣቸው።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። አደይ «ተቸገርኩ፣ አንድ በሉኝ» አላሉም። ስንት እንደሚፈልጉ፣ ለምን እንደሚፈልጉና እንዴት እንደሚመለስ ተናገሩ። እንዲህ ሲጠየቅ ሰሚው አይደናገርም፤ ቢችል ይሰጣል፣ ባይችል ቁርጡን ይናገራል።

በሌላም አገር እንዲህ ያለ ነገር ተደርጓል። በባንግላዴሽ ጆብራ በምትባል መንደር የቀርከሃ በርጩማ የሚሠሩ ሴቶች ነበሩ። ቀርከሃውን ከነጋዴ በብድር ይወስዳሉ፤ በርጩማውንም ለዚያው ነጋዴ እሱ በቆረጠው ዋጋ ይሸጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1976 መሐመድ ዩኑስ የተባለ የኢኮኖሚክስ መምህር ጠጋ ብሎ ጠየቃቸው። የ42 ሰዎች ዕዳ ተደምሮ 27 ዶላር ብቻ ሆኖ ተገኘ! ገንዘቡን ከኪሱ አበደራቸው። ይህ ሥራ አድጎ ግራሚን ባንክ ሆነ፤ እሱና ባንኩም እ.ኤ.አ. በ2006 የኖቤል የሰላም ሽልማት አገኙ። በትግራይም ደደቢት የተባለው የብድርና ቁጠባ ተቋም ከ1986 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ መያዣ ለሌላቸው ሰዎች እርስ በርስ እየተዋዋሱ እንዲበደሩ አድርጓል።

ወደ አደይ እንመለስ። ደንበኛውን ስለ ዋጋውም አነጋገሩት። እሳቸው 3,000 ብር አሉ፤ እሱ 2,400 አለ፤ በ2,800 ብር ተስማሙ። ለሣርና ለቀለም 900 ብር ወጥቷል፤ ሥራው 20 ቀን ነው። አሁን አደይ በቀን ስንት ብር አገኙ? ሒሳቡን በደብተራችሁ ሥሩ። ከዚያ የራሳችሁን ዕቃ፣ ቅርጫትም ሆነ ጋቢ፣ በዚሁ መንገድ አስሉት። ማካፈሉ ካስቸገራችሁ ከጎናችሁ የተቀመጠውን ጠይቁ።