ከፍሬን በፊት፦ በዜሮ ዲግሪ ዙሪያ በበረዷማ መንገድ ላይ ስለ ማሽከርከር ደኅንነት

አኅጽሮተ ጽሑፍ

ይህ አጭር ጽሑፍ በበረዷማ መንገድ ላይ የሚደርስ አደጋ በአመዛኙ የሚወሰነው አሽከርካሪው ፍሬን በሚይዝበት ቅጽበት ሳይሆን፣ ከዚያ አስቀድሞ በመረጠው ፍጥነትና ስለ መንገዱ ገጽ በወሰደው ግምት መሆኑን ያሳያል። ለዚህም የሰበቃን መሠረታዊ ስሌት፣ የበረዶን ተፈጥሯዊ ጠባይ፣ እንዲሁም በዩናይትድ ስቴትስ እ.ኤ.አ. በ2021 እና በ2022 የተከሰቱ ሁለት ሁኔታዎችን ይመረምራል። የጽሑፉ ዋና መከራከሪያ፣ ለአሽከርካሪ ከጽኑ ብርድ ይልቅ በዜሮ ዲግሪ ዙሪያ የሚዋልለው ብርድ ይበልጥ አታላይ ነው የሚል ነው።

ቁልፍ ቃላት፦ ሰበቃ፣ የመቆሚያ ርቀት፣ ጥቁር በረዶ፣ የመንገድ ገጽ ሙቀት

1. መግቢያ

በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢው፣ በሚኒሶታ፣ በኮሎራዶ፣ በቶሮንቶ እንዲሁም በስካንዲኔቪያ አገሮች የሚኖሩ በርካታ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን ኑሯቸውን የሚመሩት በመሪ ላይ ተቀምጠው ነው። ታክሲ ነጂው፣ የጭነት መኪና አሽከርካሪውና በሌሊት ፈረቃ ወደ ሆስፒታል የምትሄደው ነርስ በረዶ ጣለ ተብሎ ከሥራ የሚቀሩበት ዕድል ጠባብ ነው። አብዛኞቹ መንዳትን የተማሩት፣ ወይም የመንገድን ጠባይ በመጀመሪያ ያወቁት፣ መንገድ በዝናብና በጭቃ እንጂ በበረዶ በማይሸፈንበት አገር ነው።

በጭቃ ላይ የተገኘ ልምድ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። በዝቅተኛ ማርሽ መጓዝ፣ ፍሬንን በድንገት አለመርገጥና መሪን አለማወናጨፍ በሁለቱም መንገዶች ይሠራሉ። ልዩነቱ ጭቃ የሚታይ መሆኑ ነው፤ አሽከርካሪው ከመግባቱ በፊት ያየዋል፣ ይዘጋጃል። እጅግ አደገኛው በረዶ ግን ራሱን አይገልጥም። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በዚህ ልዩነት ላይ ነው።

2. ስለ ቃላት አጠቃቀም

ወደ ዋናው ጉዳይ ከመግባታችን በፊት ሁለት የቃላት ችግሮችን ማንሳት ተገቢ ነው። አንደኛው «ክረምት» የሚለው ቃል ነው። በኢትዮጵያ ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው የዝናብ ወቅት ሲሆን፣ በረዶ በሚጥልባቸው ሰሜናዊ አገሮች ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ በአገራችን በጋ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ «የብርድ ወራት» የሚለው አገላለጽ ተመርጧል።

ሁለተኛው «በረዶ» የሚለው ቃል ነው። በዕለት ተዕለት አማርኛ ይህ ቃል ከዝናብ ጋር የሚወርደውን ጠጣር፣ እንደ ጥጥ የሚያርፈውን ነጭ ብናኝ፣ የረጋውንም ውሃ ያጠቃልላል። «አመዳይ» እና «ውርጭ» የሚሉት ቃላት ቢኖሩም በመንገድ ጉዳይ ላይ እምብዛም አይሠራባቸውም። ለአሽከርካሪ ግን እነዚህ ነገሮች አንድ አይደሉም። ስለሆነም ቀጥሎ «አመዳይ» ሲባል ከሰማይ የሚወርደው ነጭ ብናኝ፣ «የተደመደመ አመዳይ» ሲባል በጎማ ተረግጦ የጠጠረው፣ «ጥርት በረዶ» ሲባል ደግሞ በአስፋልቱ ላይ የረጋው ውሃ ነው። ጥርት በረዶ ስስ ሲሆን የአስፋልቱን ጥቁረት አሳልፎ ስለሚያሳይ በተለምዶ «ጥቁር በረዶ» ይባላል።

3. በረዶ ለምን ያንሸራትታል?

ለረጅም ጊዜ የተሰጠው ማብራሪያ የክብደት ግፊት በረዶውን ስለሚያቀልጠው ነው የሚል ነበር። ይህ ለመኪና አያስኬድም። የበረዶን የመቅለጫ ነጥብ በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ዝቅ ለማድረግ ከባቢ አየር ከሚያሳድረው ግፊት ከ130 እጥፍ በላይ ያስፈልጋል፤ በመንገደኛ መኪና ጎማ ውስጥ ያለው ግፊት ግን ከ2 እስከ 3 እጥፍ ያህል ብቻ ነው። ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1850 እንዳመለከተው፣ የበረዶ ገጽ ከመቅለጫ ነጥቡ በታች እንኳን ስስ ፈሳሽ መሰል ሽፋን አለው። በ1939 ባውደንና ሂዩዝ ባካሄዱት ምርምር ደግሞ በመንሸራተት ጊዜ የሚፈጠረው ሙቀት ራሱ በረዶውን እንደሚያቀልጥ ታየ።

ከሁለቱም ግኝቶች አንድ ተግባራዊ ድምዳሜ ይገኛል። ሙቀቱ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ሽፋኑ ይወፍራል፣ በረዶውም ይበልጥ ያዳልጣል። ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሆነ ብርድ በረዶ ደረቅና ሻካራ ጠባይ ሲኖረው፣ በዜሮ ዲግሪ ላይ ያለ እርጥብ በረዶ ግን ለጎማ ምንም መያዣ አይሰጥም ለማለት ይቻላል። «ዛሬ ብርዱ ቀለል ብሏልና መንገዱ ደኅና ነው» የሚለው ግምት ስለዚህ አሳሳች ነው።

4. የመቆሚያ ርቀት ስሌት

ጎማ መንገድን የሚይዝበት አቅም በሰበቃ ቁጥር ይገለጻል። ቁጥሩ በደረቅ አስፋልት ላይ 0.75፣ በተደመደመ አመዳይ ላይ 0.25፣ በጥርት በረዶ ላይ 0.1 ገደማ ነው፤ እርጥብ በረዶ ላይ ወደ 0.05 ሊወርድ ይችላል። ፍሬን ከተያዘ በኋላ መኪናው የሚሄደው ርቀት የሚገኘው የፍጥነቱን ካሬ ለሰበቃ ቁጥሩ፣ ለምድር ስበት ፍጥንጥነትና ለሁለት ብዜት በማካፈል ነው። አሽከርካሪው አደጋውን አይቶ ፍሬን እስኪይዝ የሚወስደውን ጊዜ 1.5 ሰከንድ ብንል፣ ጠቅላላው የመቆሚያ ርቀት በሜዳ መንገድ ላይ እንደሚከተለው ይሆናል።

ሠንጠረዥ 1፦ ጠቅላላ የመቆሚያ ርቀት

በሰዓት 30 ኪ.ሜ.፦ ደረቅ አስፋልት 17 ሜትር፤ የተደመደመ አመዳይ 27 ሜትር፤ ጥርት በረዶ 48 ሜትር
በሰዓት 60 ኪ.ሜ.፦ ደረቅ አስፋልት 44 ሜትር፤ የተደመደመ አመዳይ 82 ሜትር፤ ጥርት በረዶ 167 ሜትር
በሰዓት 90 ኪ.ሜ.፦ ደረቅ አስፋልት 80 ሜትር፤ የተደመደመ አመዳይ 165 ሜትር፤ ጥርት በረዶ 356 ሜትር

ከሠንጠረዡ ሦስት ነገሮችን መረዳት ይቻላል። በመጀመሪያ፣ በጥርት በረዶ ላይ በ30 ኪ.ሜ. የሚሄድ መኪና የሚቆምበት ርቀት በደረቅ መንገድ ላይ በ60 ኪ.ሜ. ከሚሄደው ይበልጣል። ሁለተኛ፣ ፍጥነት በካሬ ስለሚባዛ በበረዶ ላይ ፍጥነትን በግማሽ መቀነስ የፍሬኑን ርቀት ወደ ሩብ ያወርደዋል፤ ከዚህ የበለጠ ውጤት ያለው መሣሪያ በአሽከርካሪው እጅ የለም። ሦስተኛ፣ በተደመደመ አመዳይና በጥርት በረዶ መካከል ያለው ልዩነት ከእጥፍ በላይ ሊደርስ ይችላል። ነጩ መንገድ ያስፈራል፤ ጥቁሩ ግን የበለጠ ይጎዳል።

ስሌቱ ለኩርባና ለቁልቁለትም ይሠራል። ስፋቱ 100 ሜትር ራዲየስ የሆነ ኩርባ፣ መንገዱ ወደ ውስጥ ያላዘነበለ ከሆነ፣ በደረቅ አስፋልት ላይ እስከ 98 ኪ.ሜ. ገደማ የሚያስኬድ ሲሆን በጥርት በረዶ ላይ ከ36 ኪ.ሜ. በላይ አይፈቅድም። በየ100 ሜትሩ 10 ሜትር በሚወርድ ቁልቁለት ላይ ደግሞ የሰበቃ ቁጥሩ 0.1 ከሆነ የፍሬኑ ኃይልና መኪናውን ወደ ታች የሚስበው ኃይል ይተካከላሉ፤ መኪናው በምንም ዓይነት ፍሬን አይቆምም። እንዲህ ባለ ቁልቁለት ላይ ጥንቃቄው ከአናቱ ላይ መጀመር አለበት።

ከዚህም ሌላ ጎማው ያለውን ጥቂት ሰበቃ ፍሬንና መሪ ይከፋፈሉታል። ሰበቃው በሙሉ ለፍሬን ከዋለ ለመሪ የሚተርፍ የለም። ለዚህ ነው በበረዶ ላይ «አንድ ጊዜ አንድ ሥራ» የሚለው መመሪያ የሚሰጠው፦ ፍጥነት ከኩርባው በፊት ይቀነሳል፣ ኩርባው ያለ ፍሬን ይታለፋል፣ ነዳጅ የሚሰጠው መሪው ቀጥ ካለ በኋላ ነው።

5. ዓይን የሚሳሳትበት ቦታ

የመኪና ቴርሞሜትር የሚለካው የአየሩን ሙቀት እንጂ የመንገዱን ገጽ ሙቀት አይደለም። ሰማይ በጠራበት ሌሊት አስፋልት ሙቀቱን ወደ ላይ ስለሚለቅ ገጹ ከአየሩ በጥቂት ዲግሪዎች ሊቀዘቅዝ ይችላል። ስለዚህ ቴርሞሜትሩ ከዜሮ በላይ 2 ወይም 3 ዲግሪ እያሳየ መንገዱ ሊረጋ ይችላል። ድልድይ ከሌላው መንገድ ቀድሞ ይረጋል፤ ከሥሩ ሙቀት የሚሰጠው መሬት የለውም፣ ቀዝቃዛ አየርም ከላይና ከታች ያገኘዋል። በዛፍና በሕንፃ ጥላ ሥር ያለ መንገድም ፀሐይ ከወጣች በኋላ እንኳን በረዶውን ይዞ ይቆያል።

ጨውም ወሰን አለው። 23 በመቶ ያህል ጨው ያለው ውሃ እስከ ከዜሮ በታች 21 ዲግሪ ድረስ አይረጋም፤ ነገር ግን በመንገድ ላይ የተለመደው ጨው ከዜሮ በታች ከ9 ዲግሪ ገደማ ወዲህ ሥራው በጣም ይዘገያል። ዝናብ ደግሞ ያጥበዋል። ስለሆነም «ጨው ተረጭቷል» ማለት «መንገዱ ደኅና ነው» ማለት አይደለም።

6. ሁለት ማሳያዎች

የካቲት 2021 (እ.ኤ.አ.)፣ ፎርት ወርዝ፣ ቴክሳስ። በወሩ 11ኛ ቀን ንጋት ላይ 12 ሰዓት ገደማ፣ ገና ሳይነጋ፣ በኢንተርስቴት 35 ምዕራብ ፈጣን መስመር ከፍ ብሎ በተሠራ ክፍል ላይ ከ130 ያላነሱ መኪኖች ተላተሙ፤ 6 ሰዎች ሞቱ፣ በርካቶች ቆሰሉ። የወረደው ነጭ አመዳይ ሳይሆን ሲያርፍ የሚረጋ ካፊያ ነበር። መስመሩ የጨው ውሃ ተረጭቶ የነበረ ቢሆንም ይህ የሆነው ሁለት ቀን ገደማ ቀደም ብሎ ነው። በዚያ መስመር የተፈቀደው ፍጥነት በሰዓት 75 ማይል፣ ማለትም 120 ኪ.ሜ. ገደማ ነበር። በላይኛው ቀመር መሠረት በዚህ ፍጥነት በጥርት በረዶ ላይ የሚሄድ መኪና ለመቆም ከ600 ሜትር በላይ ያስፈልገዋል፤ አጭር መብራት ግን ከ100 ሜትር ያነሰ ርቀት ነው የሚያሳየው። በዚህ ስሌት ውስጥ የአሽከርካሪው የፍሬን ችሎታ ቦታ የለውም። ጉዳዩ የተዘጋው ድልድዩ ላይ በፍጥነት በተገባ ጊዜ ነው።

ጥር 2022 (እ.ኤ.አ.)፣ ቨርጂኒያ። በወሩ 3ኛ ቀን በኢንተርስቴት 95 ላይ፣ ከዋሽንግተን በስተደቡብ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ መኪኖች ታግተው አደሩ፤ አንዳንዶቹ ከ24 ሰዓት በላይ ቆዩ። የቨርጂኒያው ሴናተር ቲም ኬይንም ከታጋቾቹ አንዱ ነበሩ። በረዶው የጀመረው በዝናብ ስለነበር የጨው ውሃ አስቀድሞ ሊረጭ አልቻለም፤ ቢረጭም ይታጠብ ነበር። ከዚያ አመዳዩ በፍጥነት ተከመረ፣ የጭነት መኪኖች መንገዱን ዘጉት፣ ጠራጊ መኪኖችም ማለፊያ አጡ።

ሁለቱ ሁኔታዎች የሚጋሩት ነገር አለ። ሁለቱም የተከሰቱት ጽኑ ብርድ በተለመደበት ሰሜን ሳይሆን፣ ሙቀቱ በዜሮ ዙሪያ በሚወጣና በሚወርድበት አካባቢ ወይም ብርድ እንግዳ በሆነበት ደቡብ ነው። እጅግ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩበት የዋሽንግተን ዙሪያም የዚህ ዓይነት የአየር ጠባይ አለው፦ ቀን የቀለጠው ሌሊት ይረጋል።

7. ጎማና አጋዥ መሣሪያዎች

የበጋ ጎማ ላስቲክ ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ ገደማ በታች ሲወርድ ይደድራል። የብርድ ወራት ጎማ ለስላሳ ሆኖ የሚቆይ ላስቲክና በገጹ ላይ በርካታ ጥቃቅን ስንጥቆች አሉት፤ በጎኑ ባለ ሦስት ጫፍ ተራራና የበረዶ ቅንጣት ምልክት ይታወቃል። የካናዳዋ ኬቤክ ይህን ጎማ ከ2008 ጀምሮ በሕግ አስገዳጅ አድርጋለች።

በአራቱም ጎማ የሚነዳ መኪና ለመነሳትና ዳገት ለመውጣት ይረዳል፤ ለማቆም ግን ማንኛውም መኪና አራቱንም ጎማዎች ስለሚጠቀም ምንም ብልጫ የለውም። እንዲያውም በቀላሉ ፍጥነት ስለሚያገኝ ነጂውን ያዘናጋል። ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው የፍሬን ሥርዓት መሪ እንዲታዘዝ ያደርጋል እንጂ በልል አመዳይ ላይ ርቀቱን ሊያረዝመውም ይችላል። መሣሪያ ያለውን ሰበቃ ያከፋፍላል፤ የሌለውን ግን አይፈጥርም።

8. ለአሽከርካሪው የሚኖረው ትርጉም

ከላይ ከቀረበው ትንተና የሚከተሉት ተግባራዊ ድምዳሜዎች ይወጣሉ።

ሀ) ሙቀቱ ከ3 ዲግሪ በታች ሆኖ መንገዱ እርጥብ መስሎ ከታየ፣ እርጥብ ሳይሆን የረጋ ነው ብሎ መጀመር ይገባል። ከፊት ካሉ መኪኖች ጎማ ውሃ የማይረጭ ከሆነ ግምቱ ይጠናከራል።

ለ) ፍጥነት ከድልድይ፣ ከኩርባና ከቁልቁለት በፊት ይቀነሳል። ድልድዩ ላይ ከተደረሰ በኋላ ፍሬንም መሪም በድንገት አይነኩም።

ሐ) በደረቅ መንገድ የሚበቃው የ3 ሰከንድ ርቀት በበረዶ ላይ አይበቃም። የፊተኛው መኪና በግጭት ባለበት ቢቆም፣ በሠንጠረዡ መሠረት በ30 ኪ.ሜ. 6 ሰከንድ፣ በ60 ኪ.ሜ. ደግሞ 10 ሰከንድ ያስፈልጋል።

መ) መኪናው ከተንሸራተተ እግር ከነዳጅና ከፍሬን ይነሳል፣ ዓይንና መሪ መሄድ ወደሚፈለግበት አቅጣጫ ይዞራሉ።

ሠ) በበረዶ የታገተ ሰው በመኪናው ውስጥ ሲቆይ የጭስ ማውጫው ከአመዳይ መጽዳቱን ማረጋገጥ አለበት። የተዘጋ ጭስ ማውጫ ሽታ የሌለውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ውስጥ ይመልሳል፤ ሰውም እንቅልፍ እንደወሰደው ሊሞት ይችላል። ሞተሩን በየሰዓቱ ለ10 ደቂቃ ያህል ብቻ ማስነሳትና አንድ መስኮት በጥቂቱ ከፍቶ መተው ነዳጅንም ሕይወትንም ይቆጥባል። ብርድ ልብስ፣ ውሃ፣ አካፋና የተሞላ ስልክ በመኪና ውስጥ መኖር አለባቸው።

9. ማጠቃለያ

በበረዷማ መንገድ ላይ የመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ለአሽከርካሪው የሚተዉት ምርጫ እጅግ ጥቂት ነው። ሰበቃ ከደረቅ መንገዱ ወደ አንድ ሰባተኛ በወረደበት ቦታ ችሎታና መሣሪያ የሚያድኑት ፍጥነቱ አስቀድሞ ከተቀነሰ ብቻ ነው። ስለዚህ በማሽከርከር ሥልጠናም ሆነ ለአዲስ መጤዎች በአማርኛ በሚዘጋጁ መመሪያዎች ውስጥ ትኩረቱ መንሸራተትን እንዴት እንደሚያርሙ ከማስተማር ይልቅ የመንገዱን ገጽ አስቀድሞ መገመትን በማስተማር ላይ ቢሆን ይጠቅማል። መመሪያዎቹም «በረዶ» በሚለው አንድ ቃል ሳይወሰኑ አመዳይን፣ የተደመደመ አመዳይንና ጥርት በረዶን ለያይተው ቢያቀርቡ፣ አሽከርካሪው የሚፈራውንና ሊፈራው የሚገባውን ለይቶ ያውቃል። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ውሳኔ አለ፤ መኪናውን ከማስነሳት በፊት «ይህን ጉዞ ማቆየት ይቻላል ወይ?» ብሎ መጠየቅ።