እንጀራ ለፈራች ልጅ

ልጄ፣ እኔ በነርስነት አርጅቼ ጡረታ የወጣሁ የእስቴ ሴት ነኝ። መካነ ኢየሱስ ውስጥ ሕፃን ስመዝን፣ የነፍሰ ጡር ክንድ ስለካ፣ እናቶችን «ብሉ» ስል ዕድሜዬ አለቀ። ዛሬ ደግሞ ገበታው ሞልቶ ሳለ መብላት የፈራች ልጅ አያለሁ። ትምህርቷ ደህና ነው፣ ስልኳ ከእጇ አይለይም፣ የእንጀራውን ጠርዝ እየቆረሰች የበላች ትመስላለች። አንቺም እንደሷ ከሆንሽ ይህ ላንቺ ነው። ሁሉንም ባንድ ቀን ካላደረግሁ ብለሽ አትጨነቂ።

፩. በአገራችን አለመብላት ሁለት ዓይነት ነበር። አንዱ ማጣት ነው። ስማዳና ጋይንት ዝናብ ሲቀርባቸው ምን እንደሚመጣ አያቶችሽ ያውቁታል። የ77ቱን ረሃብ ያየ ሰው ዛሬም እህል ሲደፋ አይቶ ዝም ማለት አይሆንለትም። ሴፍቲኔት የሚባለው የምግብ ዋስትና ፕሮግራምም በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር እነዚህን ወረዳዎች የያዘው ያለ ምክንያት አይደለም። ሌላው ጾም ነው። አሁን ሦስተኛ መጥቷል፦ እህል እያለ፣ ቀኑ ፍስክ ሆኖ፣ ሰውነትን ለመቅጣት መራብ። ክፋቱ የጾም ልብስ ለብሶ መምጣቱ ነው። እናትሽ ያንን አይታ «ልጄ ጾመኛ ናት» ብላ ትመርቅሻለች፤ አንቺ ግን የምትጾሚው ለእግዚአብሔር እንዳልሆነ ልብሽ ያውቃል።

፪. ስለዚህ መጀመሪያ ሁለቱን ለያይተሽ እዪ። የቤተ ክርስቲያናችን የጾም ቀን ተደምሮ በዓመት ወደ 250 ይደርሳል፤ ከዚያ ውስጥ ሁሉም ሰው የሚጠበቅበት 180 ያህሉ ነው፤ ሁዳዴ ብቻውን 55 ቀን ነው። ብዙ ነው፤ ግን ዳር አለው። የሚገባበትና የሚፈታበት ቀን ይታወቃል። ፍትሐ ነገሥትም በአንቀጽ 15 ጾምን በሰዓትና በምግብ ዓይነት ወስኖ ነው ያስቀመጠው። ያንቺኛው ግን መፍቻ የለውም። አንድ ኪሎ ስትቀንሺ ሌላ ይጠይቅሻል። እስቲ ራስሽን ጠይቂ፦ ትንሣኤ ሲደርስ ደስ ይልሻል ወይስ ትደነግጫለሽ? ሁዳዴ ሲገባ «እፎይ፣ ከእንግዲህ ማንም ብዪ አይለኝም» ካልሽ፣ ነገሩን ለንስሐ አባትሽ ሳትሸሽጊ ንገሪያቸው። የታመመ ሰው ጾም ሊቀልለት እንደሚችል እሳቸው ያውቃሉ፤ ይህም በሽታ ነው። «ውፍረት ፈርቼ ነው» ማለት ያሳፍራል፤ ቢያሳፍርም ተናገሪው።

፫. ሌሊት ተነሥተሽ ሞሰብ የምትከፍቺው ሆዳም ስለሆንሽ አይደለም። ይህን አንድ ታሪክ ነግሬሽ ልለፍ፤ እኔ ሳነብበው ያገሬን ሰው ያየሁበት ነው። በ1945 እ.ኤ.አ. አንሰል ኪስ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶችን በፈቃዳቸው ስድስት ወር ያህል በግማሽ ሆድ አኖራቸው። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያልቅ የተራበውን የአውሮፓ ሕዝብ እንዴት መልሶ መመገብ እንደሚቻል ለማወቅ ነበር። ሰዎቹ ከክብደታቸው ሩብ ያህል አጡ። ከክብደቱ ይልቅ የሚገርመው ግን ጠባያቸው ነው። ቀንና ሌሊት ስለ ምግብ ብቻ ማሰብ ጀመሩ፣ የወጥ ቤት መጽሐፍ እየሰበሰቡ የሚያነቡ ነበሩ፣ በረዳቸው፣ ነጭናጫ ሆኑ፣ ከሰው ራቁ። እንዲበሉ ሲፈቀድላቸውም ብዙዎቹ ሆዳቸው ሞልቶ እንኳ አልጠገቡም፤ አንዳንዱ እስኪታመም በላ። እነዚያ ሰዎች ፈቃደ ደካሞች አልነበሩም። የተራበ ሰውነት ባለቤቱን ለማትረፍ የሚሠራው እንዲህ ነው። አንቺም ቀን ሙሉ በሻይ ውለሽ ማታ እጅሽ አልታዘዝ ሲልሽ፣ ነገ ደግሞ ለመቅጣት ቁርስ ስትዘዪ፣ ያንኑ ሙከራ ብቻሽን ጓዳ ውስጥ እየደገምሽው ነው። መላው ማታ መጨከን አይደለም፤ ጠዋት መብላት ነው።

፬. የሰው አፍ አታስቆሚም። እኛ አገር ሰላምታው ራሱ ሰውነት ነው፦ «ምነው ከሳሽ?»፣ «ኧረ ወፈርሽ!»። ከዐረብ አገር የተመለሰች ልጅ ሻንጣዋን ሳታወርድ ሰውነቷ ይመዘናል። አብዛኛው በፍቅር ነው፤ ረሃብ ባለፈበት አገር ሞላ ማለት ጤና ማለት ነበርና። ለትልልቆቹ አጭር መልስ አዘጋጂ፦ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ እናትዎ እንዴት ናቸው?» በዚያው ወሬው ይዞራል። እናትሽን ግን ለብቻዋ ቁጭ አድርገሽ «በሰው ፊት ስለ ሰውነቴ አታውሪብኝ» ማለት ነውር አይደለም።

የስልኩ አፍ ይብሳል፤ እሱ ደግሞ የሚያመሰግነው ቅጥነትን ነው። ፊጂ የሚባል የደሴቶች አገር አለ፤ እንደኛው ሞላ ያለች ሴት የምትወደድበት ነበር። በ1995 እ.ኤ.አ. ወደ አንዱ አካባቢው ቴሌቪዥን ገባ። አን ቤከር የተባለች ሐኪምና ተመራማሪ ወዲያው ተማሪ ልጃገረዶቹን ጠየቀች፣ ከሦስት ዓመት በኋላም ሌሎች እኩዮቻቸውን ጠየቀች። መጀመሪያ ለመቅጠን ብላ የምታስመልስ አንዲትም አልነበረችም፤ በ1998 11 በመቶ ያህሉ ያደርጉት ነበር። ያ ሁሉ በሦስት ዓመት ውስጥ ነው፤ ያውም ሌሊት ትራስሽ ሥር በማያድር ቴሌቪዥን።

፭. «መወፈሪያ ኪኒን» የሚሰጥሽ ሰው ካለ አትዋጪ። በዚህ ስም ዴክሳሜታዞን የሚዋጥበት ጊዜ አለ። ፊት ያብጣል እንጂ ጤና አይጨምርም፤ ስኳርንና ደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ አጥንት ያሳሳል። ከቆየሽበት ግን ባንድ ጊዜ አቁመሽ አትጣዪው፤ እሱም ያደክማል፣ አንዳንዴም ይገድላል። ለሐኪም ተናግረሽ ቀስ በቀስ ይቀንስልሽ። የመቅጠኛ ሻይም ለሽያጭ ይዞራል፤ ከሚያስቀምጥሽ በቀር የሚሠራው የለም።

፮. ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ታቦር መንገድ ዳር ሚዛን ዘርግተው የተቀመጡ ልጆች አሉ። ለልጁ ብሩን ስጪውና ሳትወጪበት እለፊ። የቁጥር ነገር ካነሣሁ አይቀር፣ በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት የአገራችን ሴቶች 22 በመቶው ከሚገባው በታች የቀጠኑ ነበሩ፤ ከመጠን በላይ የከበዱት 8 በመቶ ናቸው። የምትከተያት የስልክ መካሪ የምታወራው ስለ ሌላ አገር ጭንቀት ነው።

፯. እንጀራን አትክሰሺው። «ካርቦ ነው» የሚል ወሬ ሰምተሽ ይሆናል። ጤፍ ብረት ያለው እህል ነው፤ በእርሾ ሲቦካ ደግሞ ብረቱን አስሮ የሚይዘው ነገር ይቀንሳል። እንጀራ በሽሮ ስትበዪ እህሉና ጥራጥሬው አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላል። ቃሪያውን አትተዪው፤ ቫይታሚን ሲው ብረቱ እንዲገባልሽ ይረዳል። ቡናውን ግን ከምግቡ ትንሽ አዘግዪው፣ ብረትን ይከለክላልና፤ ይህን ስል ጎረቤቶቼ ይቆጡኛል። ተልባ፣ ኑግ፣ ሱፍ ለጾም ወራት ቅባትሽ ናቸው። በፍስኩ ቀን ዕንቁላልና ወተት አትሽሺ፤ ቢ12 ከቅጠልና ከእህል አይገኝም። የጉና ሥር ድንችና ገብስም ምግብ ነው፤ የድሃ ነው ብለሽ አትናቂው። በ2014 ዓ.ም. የወጣው የአገራችን የአመጋገብ መመሪያም የሚለው የምግብ ዓይነት አብዙ ነው። ክፉ ምግብና ደግ ምግብ ብለሽ በልብሽ የጻፍሽውን ዝርዝር ቅደጂው። የፈራሽውን አንዱን ምረጪ፣ ከምታምኚው ሰው ጋር ሆነሽ ብዪው፤ ስትለምጂው ሌላ ጨምሪ።

፰. አሁን ዋናው፦ ሆድሽን እንደገና መስማት። ኤቭሊን ትሪቦሊና ኤሊስ ረሽ የተባሉ የሥነ ምግብ ባለሙያዎች በ1995 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ያወጡት ምክር አለ፤ አመጋገብን በሕግና በቁጥር ሳይሆን በረሃብና በጥጋብ ስሜት መምራት ይላል። እወደዋለሁ፤ አንድ ቅሬታ ግን አለኝ። ለረጅም ጊዜ የተራበች ልጅ ሆዷ ዝም ይላል። «አልራበኝም» የምትዪው እውነትሽን ነው፣ ስሜቱ ጠፍቶብሻል። ስለዚህ መጀመሪያ በሰዓት ብዪ፦ ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት፣ በመሐል ቆሎ ወይም በሶ፤ ራበሽም አልራበሽም። ሳምንታት ሲያልፉ ረሃቡ ራሱ ይመለሳል።

ያኔ ከመቁረስሽ በፊት ጠይቂ፦ ሆዴ ባዶ ነው? ወይስ ተናድጃለሁ፣ ናፍቄያለሁ፣ ደክሞኛል? መልሱ ንዴት ቢሆንም መብላት አልተከለከለም፤ ማወቁ ይበቃል። በመሐል ቆም በዪ፤ ጥጋብ ቀስ ብሎ ነው የሚደርሰው። ጉርሻ ሲመጣ የመጀመሪያውን በፍቅር ተቀበዪ፣ ከዚያ በኋላ «በቃኝ፣ እጅዎ አይንጠፍ» ማለት መብትሽ ነው። ባንድ ትሪ መብላት አንድ ክፉ ጎን አለው፤ ማን ምን ያህል እንደበላ አይታወቅም፣ መደበቅ ለፈለገ ይመቻል። ነገር ግን ብቻዋን መብላት የፈራች ልጅ የምትድነው እዚያው ትሪ ላይ ነው፤ ከሰው ጋር ሲሆን እጅ ይፈታል።

በቀን አንዴም ስለ መልኩ ሳታስቢ ሰውነትሽን አስታውሺ፦ እግርሽ ዳገቱን ወጥቷል፣ እጅሽ ውኃ ቀድቷል፣ ጀርባሽ ተሸክሟል። መውደድ ካቃተሽ አትውደጂው፤ ጠላት አለማድረግ ለጊዜው በቂ ነው።

፱. የወር አበባሽ ሦስት ወር ከቀረ፣ ስትነሺ ካዞረሽ፣ ፀጉርሽ ከረገፈ፣ ሁሌ ከበረደሽ ወይም ካስመለስሽ በምክር ብቻ አይዳንም። ማስመለስ የደምን ፖታሲየም ያወርዳል፣ ያ ደግሞ ልብን ሊያቆም ይችላል። መካነ ኢየሱስ ሆስፒታል ሂጂ፤ ከዚያ ወደ ደብረ ታቦር ከላኩሽ ሂጂ። «ጨጓራ ነው» ብለሽ አትሸፍኚ፤ «መብላት እፈራለሁ» በዪ። ሐኪሙ ሳቅ ቢል ሌላ ሐኪም ጠይቂ። የሥነ አእምሮ ክፍል ቢሉሽ እብድ አሉኝ ብለሽ አትመለሺ።

በጣም ከከሳሽ ደግሞ ባንድ ቀን ብዙ ለመብላት አትሞክሪ፤ ቤተሰብም በደስታ ዶሮ አርዶ እንዳያስጨንቅሽ። በምግብ እጥረት የደከመ ሕፃን ሆስፒታል ሲገባ መጀመሪያ ኤፍ-75 የሚባለው ቀለል ያለ ወተት፣ ሲበረታ ኤፍ-100፣ ኋላም ፕላምፒ ነት የሚሰጠው ባንድ ጊዜ የጠገበ ደካማ ሰውነት ሊሞት ስለሚችል ነው። ላንቺም መጠኑን ሐኪም ይወስን። ስትሄጂ አክስትም ትሁን ጓደኛ አንድ ሰው ይዘሽ ሂጂ፤ የወር አበባሽ የቀረበትን ወርና የዋጥሽውን ኪኒን ሁሉ ቀድመሽ በወረቀት ጻፊ፤ ወንበሩ ላይ ስትቀመጪ ይጠፋሻልና።