የልጆች ውፍረት፦ ምግብና እንቅስቃሴ በሰውነት ውስጥ ምን ይሠራሉ?

ብዙዎቻችሁ ቀኑን የምታሳልፉት ከአሠሪዎቻችሁ ልጆች ጋር ነው። የምታበሏቸው፣ የምታጥቧቸውና የምታስተኟቸው እናንተ ናችሁ። በአገራችን ድንቡሽቡሽ ያለ ልጅ የጤናና የጥጋብ ምልክት ተደርጎ ይታያል። ከልክ ያለፈ ውፍረት ግን ለልጅም በሽታ ነው። እንደ ኩዌት ያሉ የባሕረ ሰላጤው አገሮች ደግሞ ችግሩ በዓለም ላይ እጅግ ከበዛባቸው መካከል ናቸው።

ሰውነት ምግብን ወደ ጉልበት የሚለውጥበት ሥራ ሜታቦሊዝም ይባላል። ልጁ ዳቦ፣ ሩዝ ወይም ጣፋጭ ሲበላ በደሙ ውስጥ ስኳር ይጨምራል። ያን ጊዜ ቆሽት ኢንሱሊን የተባለውን ንጥረ ነገር ያመነጫል። ኢንሱሊን እንደ ቁልፍ ሆኖ የጡንቻን በር ለስኳሩ ይከፍታል። በሆድና በጉበት ስብ ሲከማች ግን ቁልፉ በሩን በቀላሉ አይከፍትም፤ ቆሽትም ከዓቅሙ በላይ ይሠራል። ይህ ሲቆይ ዱሮ የአዋቂ ብቻ ይባል የነበረው ዓይነት ሁለት የስኳር በሽታ በልጅነት ሊመጣ ይችላል።

1. እንቅስቃሴ። የሚሠራ ጡንቻ ኢንሱሊን ባይበዛም ስኳርን ከደም ይወስዳል። ጥቅሙ ከጨዋታው በኋላም አንድ ሁለት ቀን ይቆያል፤ የልጁ ክብደት ባይቀንስም ይሠራል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ይመክራል። ውጭው ቢሞቅ ወይም መውጣት ባይፈቀድላችሁ በቤት ውስጥ ገመድ መዝለል፣ ኳስ፣ ድብብቆሽ፣ እስክስታም ቢሆን ይበቃል። አሥር አሥር ደቂቃ እየተደመረ ይሞላል።

2. ምግብ። 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ጣሳ ኮላ 35 ግራም ያህል ስኳር አለው፤ ይህም ስምንት የሻይ ማንኪያ ይበልጣል። ፈሳሽ ስለሆነ አያጠግብም። ሳዑዲ ዓረቢያና የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች በ2017 በለስላሳ ላይ 50 በመቶ ቀረጥ የጣሉት ያለ ምክንያት አይደለም። በለስላሳው ፈንታ ውኃ፣ በጁስ ፈንታ ፍሬው ራሱ፣ በቺፕስ ፈንታ ኪያር፣ እንቁላል ወይም ሽምብራ ይሻላል። ልጅ ሲያለቅስ በከረሜላ ዝም ማሰኘትም ይቅር።

አንድ ነገር ግን አስተውሉ። በራሳችሁ ፈቃድ የልጁን ምግብ አትቀንሱ። ልጅ በማደግ ላይ ስለሆነ ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ክብደቱ ባለበት ቆይቶ ቁመቱ እንዲጨምር ነው፤ ይህንንም የሚወስነው ሐኪም ነው። ለእናቱ ንገሩ፣ ፈቃድም ጠይቁ። ነገር ቢነሳ ተወቃሽ እንዳትሆኑ ይረዳችኋል።

በመጨረሻም፣ የልጁ አንገት ወይም ብብት ጠቁሮና ወፍሮ በሳሙና አልለቅ ካለ አትፈትጉት። ብዙ ጊዜ እድፍ ሳይሆን ኢንሱሊን በሚገባ አለመሥራቱን የሚያሳይ ምልክት ነው። «በደንብ አላጠብሽውም» ብትባሉም ሐኪም እንዲያየው በትሕትና አስረዱ። ልጁ ውኃ እጅግ ከጠማውና ሽንት ከደጋገመው ግን ሳትውሉ ሳታድሩ ተናገሩ።