ስለ መግለጥ

እናት የመሶቡን ክዳን ስታነሣ መሶቡን ገለጠች እንላለን። ተማሪም መጽሐፉን ሲከፍት ገለጠ ይባላል። እንደዚሁም ሰው ያየውን ነገር ላላየው ሰው በቃል ሲያስረዳ ገለጠ ወይም ገለጸ ይባላል። እንግዲህ መግለጥ ማለት የተሸፈነውን ነገር ለሌላው ሰው ማሳየት ነው።

አንድ ቀን በእንጅባራ ገበያ አንድ ልጅ ፈረስ እየሳበ የሚሄድ መንገደኛ አየ። «ይህ የጠፋብን የአባቴ ፈረስ ነው፤ ሰውየውም ሌባ ነው» ብሎ ጮኸ። ሰዎችም ተሰብስበው መንገደኛውን ያዙት። አንድ ሽማግሌ ግን የልጁን ፊት ከፈረሱ ወዲያ መልሰው፤ «ልጄ፥ የአባትህ ፈረስ ምን ዓይነት ነው? ግለጥልን» አሉት።

ልጁም «ደግ ፈረስ ነው፤ ያማረ ፈረስ ነው» አለ።

ሽማግሌውም «ይህ ማመስገን ነው እንጂ መግለጥ አይደለም፤ መልኩን ንገረን» አሉት።

ልጁም ጥቂት አስቦ፤ «ዳማ ነው፤ ግንባሩ ቦራ ነው፤ የግራ የኋላ እግሩ ነጭ ነው» አለ። ሰዎቹም ፈረሱን መረመሩ። ዳማ ነው፤ ቦራም ነው፤ እግሮቹ ግን አራቱም ጥቁር ናቸው። ስለዚህ መንገደኛውን ለቀቁት፤ ልጁም እጅግ አፍሮ ይቅርታ ለመነው።

ይህ ግሥ በእንግሊዝኛ ዲስክራይብ ይባላል። ከላቲን ቋንቋ የመጣ ነው፤ የጥንት ትርጉሙም «ጽፎ ማስቀመጥ» ነው። በአማርኛ «ስለ ፈረሱ ገለጠ» እንላለን፤ በእንግሊዝኛ ግን ከዚህ ግሥ በኋላ «ስለ» አይገባም፤ «ፈረሱን ገለጠ» ይባላል እንጂ። ደግሞም «ዲስክራይብ ሚ» ያለ ሰው «የእኔን መልክ ግለጥ» ማለቱ ነው። «ይህን ነገር ግለጥልኝ» ለማለት የወደደ ግን «ዲስክራይብ ኢት ቱ ሚ» ይበል።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1925 እስከ 1934 ዓ.ም. በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበሩት ሜጀር ቺዝማን ይህን ቃል በሥራ ፈጸሙት። አስቀድመው የጣናን ሐይቅና የዓባይን ወንዝ እየተጓዙ አዩ፤ ለክተውም ካርታ ሠሩ። መጽሐፋቸውን ያሳተሙት ከዚያ በኋላ በ1936 ዓ.ም. ነው።

ልጆች ሆይ፤ አንድ ነገር ልትገልጡ ስትወዱ አስቀድማችሁ በደንብ ተመልከቱ። ያያችሁትን ተናገሩ፤ ያላያችሁትን አትጨምሩ። ክዳኑን ያነሣ ሰው በመሶቡ ውስጥ ያለውን ያሳያል እንጂ የሌለውን አያሳይምና።